የአውሬው ፊደል

መክሊት ጅግጅጋ የገባችው በመስከረም 2011 ነው። ደብረ ማርቆስ ያሉ ዘመዶቿ «በዚህ ጊዜ እዚያ ይኬዳል?» ቢሏትም፣ ምደባው አንዴ ወጥቷል ብላ ሻንጣዋን ቆልፋ መጣች። የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ናት። ሀሳቧ አንድ አመት ሰርታ ዝውውር መጠየቅ ነበር። አምስተኛ አመቷን ስትይዝም ግን የዝውውር ማመልከቻዋን አልጻፈችም፤ ሌላ ነገር እየጻፈች ነበርና።

የምትጽፈው ፋንታሲ ነው። ታሪኩ ጉድጓዶቿ አንድ በአንድ ስለሚደርቁባት አገር ነው። ከሁሉም በጠለቀው ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ አንድ አውሬ ይኖራል። ይህን አውሬ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ጥርሱም ጥፍሩም አይታይም። ከታች ሆኖ ይጣራል፤ «አቤት» ያለው ሰው ወደ ጉድጓዱ ይወርድና በዚያው ይቀራል። አውሬውን የምትገጥመው መሊላ የምትባል የአስራ ሶስት አመት ልጅ ናት።

እንግዲህ አውሬው ድምጽ ብቻ ከሆነ፣ ድምጹ ካልያዘ መጽሀፉ በሙሉ አልያዘም ማለት ነው። መክሊት ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ለልጅቷ ስም ስታወጣ አልተቸገረችም። ከንፈር በ«መ» ተገጥሞ፣ ምላስ በ«ለ» ሁለት ጊዜ ይላላል፤ መሊላ ሲሏት ገና ሳትታይ ትወደዳለች። ለአውሬው ደግሞ በፊደል ገበታው ላይ ያሉትን ጠጣር ድምጾች በሙሉ ለቅማ ሰጠችው። ስሙንም ጠንቀጭ አለችው።

አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሩብ ሰአት ሲቀረው ለአስረኛ ለ ተማሪዎቿ አነበበችላቸው። የመሊላን መግቢያ በጸጥታ አዳመጡ። አውሬው ሲመጣ ድምጿን ወፈር አድርጋ፣

«ጨለማውን ጨብጬ፣ ቋጥኙን ቆርጥሜ፣ ጥርሴን አፋጭቼ፣ ጠጠሩን ቀጥቅጬ መጣሁ» አለች።

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሶስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው ሪሐና፣ ጥያቄ ሳታነሳ የማትውል ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ አውሬ ቆርቆሮ ቤት ነው እንዴ የሚሰራው?»

ወንዶቹ ዴስኩን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጉ ጀመር። ገበያው ዳር ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ባልዲና ምድጃ የሚሰሩ ሰዎች አሉ፤ የመክሊት አውሬ ቁርጥ እነሱን መስሎ ነበር። ደብተሯን ዘግታ የቤት ስራ ሰጠቻቸው። ከዚያ ቀን በኋላ በኮሪደር ስታልፍ የሆነ ግድግዳ በጣት ይንኳኳል። ዞር ስትል ሁሉም ወደ ሌላ ያያል።

እንዲያም ሆኖ ረቂቁን አዲስ አበባ ላለ አንድ አነስተኛ አሳታሚ ላከችው። ከሁለት ወር በኋላ አርታኢው ደወሉ። ሽመክት ይባላሉ፤ ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ልጅቷ ቆንጆ ናት» አሏት። «አገሯም ቆንጆ ነው። አውሬሽ ግን አያስፈራም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ሽመክት።»

«ካወቅሽ ለምን ላክሽው?»

አስተካክላ እንደምትልክ ተናግራ ስልኩን ዘጋች። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቁጭ ብላ፣ ጠንቀጭን በሰማንያ ሁለት ቦታ እንደ አዲስ ልትጽፈው መሆኑን እያሰበች ረቂቁን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችው።

ብቻዋን ግን አልነበረችም። መስኮቱ ስር ቢሻሮ ፈተና እያረመች ነበር። ቢሻሮ ሶማሊኛ ታስተምራለች። ሀምሳ ስድስት አመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከእሷ በፊት የመጣ መምህር የለም። መክሊት መጀመሪያ «እርስዎ» ስትላት፣ «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ምን አበዛሽኝ» ብላ አስተወቻት።

«ማን አስቆጣሽ፣ አባዮ?» አለቻት። አባዮ እህቴ ማለት ነው።

መክሊት ነገረቻት። ቢሻሮ ብዕሯን አስቀምጣ ወረቀቱን ተቀበለች። በእሷ ዘመን ትምህርቱ በሙሉ በአማርኛ ስለነበር አማርኛ ማንበብ ለእሷ ምኗም አይደለም። ጮክ ብላ አነበበች። የጠንቀጭን ንግግር አልፋ፣ መሊላ ስለ አባቷ ህልም የምታስብበት ገጽ ላይ ደረሰች። መክሊት የዚያን ጊዜ ፊደል እንደመጣላት ነበር የምትጽፈው፤ አንዱን «ሀዘን» በሀሌታው፣ ሌላውን በሐመሩ። ቢሻሮ «ሐዘን» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጹ ከጉሮሮዋ ስር፣ ከጠባብ ቦታ እየተፋቀ ወጣ። ቀጥሎ «ዐፈር» አለች። የቃሉ መነሻ እንደ ታነቀ ሰው ድምጽ ነበር።

መክሊት ክንዷ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ።

«እንደገና በይው» አለቻት።

«ምኑን?»

«ዐፈርን።»

ቢሻሮ ደገመችው። ከዚያ ምን እንደሆነ ገብቷት ሳቀች። «የአማርኛ አስተማሪያችን የአድዋ አካባቢ ሰው ነበሩ። ፊደሉ የተለያየው ድምጹ ስለተለያየ ነው ይሉናል። እኛ ደግሞ እነዚህ ድምጾች በራሳችን ቋንቋ አሉን፤ አልከበደንም። እኛን ሲሰሙ ደስታቸው አይጣል ነበር። ከመሀል አገር የመጡትን ልጆች ግን አስለቀሷቸው።»

መክሊት ዩኒቨርሲቲ እያለች ስለ ሞክሼ ፊደላት ሀያ ገጽ ጽፋ «በጣም ጥሩ» አግኝታለች። ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ድሮ የተለያየ ድምጽ እንደነበራቸው ለአምስት አመት ስታስተምር ኖራለች። አንድም ቀን ግን በአማርኛ ቃል ውስጥ በጆሮዋ ሰምታቸው አታውቅም ነበር። አምስት አመት ሙሉ ጎኗ የተቀመጠች ሴት አፍ ውስጥ መኖራቸው አናደዳት።

«አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ» አለች ቢሻሮ። «አውሬሽ ብዙ ያወራል። ደግሞ የያዘውን ይለቃል። አባቴ ሀርሺን ላይ ግመል እያረባ ግጥም የሚገጥም ሰው ነበር። እኛ ጋ አንድ ፊደል ከያዝሽ ግጥሙ እስኪያልቅ አትለቂውም። በየስንኙ በዚያ ፊደል የሚጀምር ቃል ይኖራል። ከለቀቅሽ ሰው ይስቅብሻል። እናንተ ቤት የምትመቱት በጓሮ በር ነው፣ መጨረሻው ላይ። እኛ በፊት ለፊት ነው የምንገባው። ሰሚው ያ ፊደል ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል። እያወቀ ይጠብቀዋል። አውሬ እንደዚያ አይደለም እንዴ?»

መክሊት የዚያን እለት ጠንቀጭን ጣለችው። ለአውሬው አዲስ ስም አወጣች፤ ዐዘቅት። ሶስት ወር ሙሉ አንድ የቆየ ወፍራም መዝገበ ቃላት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በትክክል በሐመሩ ሐ እና በአይኑ ዐ የሚጻፉ ቃላትን ለቀመች። ያ ጊዜ ጂላል ነበር፤ ደረቁ ወራት፣ ንፋሱ ካራማራን ተሻግሮ አቧራውን መስኮት ስር የሚከምርበት። እየጠረገች ጻፈች። ሲያልቅ አውሬው እንዲህ ይል ነበር፤

«ዐመድሽን ዐውቀዋለሁ። ዐፈርሽን ዐውቀዋለሁ። ሐሳብሽን፣ ሕልምሽን፣ ሐዘንሽን ዐውቀዋለሁ። ነይ፣ ዕረፊ።»

ቢሻሮ አስረኛ ለ መጥታ አነበበችላቸው። ዴስክ የመታ የለም። ሪሐና እንኳ እጇን አላወጣችም።

መክሊት ረቂቁን ላከች። ሽመክት በሁለት ሳምንት ውስጥ «አሁን ተስተካክሏል፣ እናትመዋለን» ብለው መለሱ፤ እሷም ቢሻሮን ምሳ ጋበዘች። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

የመጀመሪያው የገጽ ቅንብር፣ ለህትመት የተሰናዳው ናሙና፣ በቴሌግራም መጣ። ፋይሉ በትምህርት ቤቱ ኔትወርክ አልወርድ አላት፤ በቤቷም አልወረደም። ዋይፋይ ያለው ሆቴል ሄዳ፣ ሻይ አዝዛ፣ ሁለተኛ ሻይ አዝዛ፣ ወረደላት። ከፈተችው።

«አመድሽን አውቀዋለሁ። አፈርሽን አውቀዋለሁ። ሀሳብሽን፣ ህልምሽን፣ ሀዘንሽን አውቀዋለሁ። ነይ፣ እረፊ።»

አንድም ሐ፣ አንድም ዐ መጽሀፉ ውስጥ አልቀረም። በዚያ ላይ ሁለተኛው «አውቀዋለሁ» ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮ «ድግግሞሽ፤ በሌላ ቃል ይተካ» ተብሏል። ሻዩን ሳትጨርስ ደወለች።

«የቤታችን ደንብ ነው» አሏት ሽመክት። «አንድ ድምጽ፣ አንድ ፊደል። አሳታሚው ካልወሰነ እያንዳንዱ ጸሀፊ በየራሱ ይጽፍና አንባቢ ይደናገራል።»

«ጋሽ ሽመክት፣ የአውሬው ድምጽ እኮ ፊደሉ ነው።»

«እሱ ሊሆን ይችላል። ግን አማርኛ አንባቢ ሐን እንደ ሀ ነው የሚያነበው። አንቺም እንደዚያ ነው የምታነቢው።»

የሚያናድደው ትክክል መሆናቸው ነበር። መክሊት ስድሳ አንድ መስመር ያለው ሰንጠረዥ ሰርታ፣ የትኛው ገጽ ላይ የትኛው ፊደል ወደ ቦታው እንደሚመለስ አንድ በአንድ ጽፋ ላከች። «ድግግሞሹ ሆን ተብሎ ነው» የሚል ማስታወሻም አከለችበት፤ ከስሩ አሰመረችበት። ሽመክት ከብዙ ማንገራገር በኋላ ለገጽ አቀናባሪው እንደሚያስተላልፉት ነገሯት።

ሁለተኛው ቅንብር በወሩ መጣ፤ እዚያው ሆቴል ሄዳ ከፈተችው። የገጽ አቀናባሪው ስድሳ አንዱን መስመር እየፈለገ ከሚያርም ኮምፒውተሩን አዞት ኖሮ፣ ሀ የተባለው በሙሉ ሐ፣ አ የተባለው በሙሉ ዐ ሆኗል። «አለች» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ዐለች» ነው። መሊላ ሐያ እርምጃ ትራመዳለች። ዐባቷን ትጠራለች። ዶሮዋም ፍየሏም እንደ አውሬው ይናገራሉ። ሽፋኑ ላይ እንኳ «ዐሳታሚ» የሚል ነበር።

መክሊት አልጮኸችም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍታ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። አስተናጋጇ ሌላ ሻይ ትፈልግ እንደሆን ስትጠይቃት፣ «አልፈልግም፣ እህቴ። ምንም አልፈልግም» አለች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ቢሻሮን ያዘቻት። ማረፊያ ክፍሉን ዘግተው ለሽመክት ደወሉ፣ ስልኩንም በድምጽ ማጉያ አደረጉት።

«ምንም አይበሉኝ፣ ዝም ብለው ያድምጡ» አለቻቸው መክሊት።

ቢሻሮ አነበበች። ሳትቸኩል፣ በእያንዳንዱ ዐ ላይ ጉሮሮዋን እያጠበበች፣ በእያንዳንዱ ሐ ላይ ትንፋሿን እየፋቀች። «ነይ፣ ዕረፊ» ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገችው።

«ግሩም ነው» አሉ ሽመክት። ከልባቸው እንደሆነ ያስታውቃል። «እመቤቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መክሊት፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንት ቢሻሮ አለችሽ?»

«ምን ማለት ነው?»

«መጽሀፉን የሚገዛው ሰው ሀዋሳ ነው፣ ደሴ ነው፣ አራት ኪሎ ነው። እቤቱ ቢሻሮ የለችም። ብቻውን ነው የሚያነበው፣ በራሱ ጆሮ። ይሄ ድምጽ እሱ ጆሮ ውስጥ የለም። እኔ ከለከልኩሽ? አማርኛ ነው የከለከለሽ።»

መክሊት ስልኩን ዘጋችባቸው። በትልቅ ሰው ላይ ስልክ ዘግታ አታውቅም ነበር።

«አጠፋሽ» አለቻት ቢሻሮ።

«አውቃለሁ።»

«ሰውየው ደግሞ ትክክል ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ቢሻሮ።»

ሶስት ሳምንት ከሽመክት ጋር አልተነጋገሩም። መክሊት ረቂቁን አልነካችውም፤ የተማሪ ድርሰት እያረመች፣ ከልጆቹ ፊደል ጋር እየተናቆረች ሰነበተች። አንዱ «አይን»ን በሁለት መስመር ውስጥ በሁለት አይነት ሲጽፍ ቀይ ብዕሯ ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ይቀራል። ምን ብላ ታርመው? የቱ ትክክል ነው ልትለው ነው? ደግሞስ ማን ይሰማዋል? ሁለቱንም ትታ ታልፈዋለች። ድሮ ደስ የሚላት ስራ እንደ ጥርስ ህመም ሆነባት።

በዚያ ሰሞን የሁለተኛው መንፈቅ አመት ፈተና የስም ዝርዝር ከቢሮ መጣ። ተማሪዎቹ ስማቸውን እያዩ እንዲፈርሙ ወረቀቱን አዞረችው። ተመልሶ ሲመጣ ከሪሐና ስም ላይ አንዱ ፊደል በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ኮምፒውተሩ «ሪሀና» ብሎ ነበር፤ ልጅቷ ሀን ሰርዛ ከላዩ ሐን ጽፋበታለች።

«ይሄ የመንግስት ሰነድ ነው» አለቻት መክሊት። ትእግስቷ ያለቀ ሰሞን ነበር። «ሀ ሆነ ሐ ምን ለውጥ አለው? ሲጠራ ያው ነው።»

«እናቴ ስትጠራኝ ያው አይደለም» አለች ሪሐና። «ለቲቸር ግን ያው ነው፣ እሺ። ግን እዚህ ገጽ ላይ ስልሳ ሰው አለ። ስሜን ስፈልግ አንብቤ አይደለም የማገኘው። እሷን ፊደል አይቼ ነው። ሌላው ሁሉ ሀ ነው፤ እሷ ብቻ ለየት ትላለች።»

መክሊት ወረቀቱን ተመለከተች። እውነትም፣ ከስልሳው ስም መሀል አይኗ ቀጥ ብሎ ያረፈው እዚያች ፊደል ላይ ነበር። ልጅቷን «ወደ ቦታሽ ተመለሺ» ማለቱን ረስታ ቆማ ቀረች።

በእረፍት ሰአት ሽመክትን ደወለችላቸው። በቅድሚያ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ፣

«ደንብዎን በመጽሀፉ ላይ በሙሉ ይጫኑት» አለቻቸው። «መሊላም፣ አባቷም፣ ተራኪውም አንድም ሐ፣ አንድም ዐ እንዳይኖራቸው። ሰዎቹ አውሬውን ሲጠሩት እንኳ አዘቅት ይበሉት፣ በአልፋው አ። አውሬው ራሱ ሲናገር ብቻ፣ ስድሳ አንዱ መስመር ላይ ብቻ፣ ፊደሉ እንዲቀየር።»

«ደንቡን ይጥሳል» አሉ ሽመክት።

«ደንቡ ስላለ ነው የሚታየው። ሌላው ሁሉ አንድ አይነት ካልሆነ አይን ምኑን ይለየዋል? አንባቢው በጆሮው ካልሰማው በአይኑ ይስማው። ምን እንደሆነ ባይገባው እንኳ የሆነ ነገር እንደተለየ ያውቃል።»

ሽመክት የሆነ ነገር ሲጽፉ በስልኩ ተሰማ። መክሊት ጠበቀች።

«ድግግሞሹስ?» አሉ።

«ድግግሞሹ ለጆሮ ነው። እሱ በማንም ጆሮ ይሰራል። አንድ ቃል አይነካም።»

«እሺ» አሉ ሽመክት። «እሺ ብያለሁ። ግን የአውሬውን መስመሮች በሙሉ በቢጫ ቀልመሽ ላኪልኝ። የእኛ ሰው ቢጫ ያልሆነውን በሙሉ ያስተካክላል፣ ቢጫውን አይነካም። ሌላ ሰንጠረዥ እንዳታመጪብኝ።»

ቀለመች። ላከች። ሶስተኛው ቅንብር ንጹህ ሆኖ መጣ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሌሎቹ ገጾች እንደ ለጥ ያለ ሜዳ ናቸው፤ አውሬው አፉን ሲከፍት ብቻ እነዚያ ፊደላት ብቅ ይላሉ። መጽሀፉ «ከጉድጓዱ ስር» በሚል ርእስ በ2016 ታተመ። መቶ ሀምሳ ቅጂ በአውቶቡስ ጅግጅጋ መጣላት። ቢሻሮ አስር ገዛች፤ አንዱን አውበሬ ላለችው እህቷ፣ ሌላውን ሀርሺን ለወንድሟ ላከች። ሌሎቹን ለማን እንደሰጠች አልተናገረችም።

በሁለተኛው ሳምንት ሪሐና ማረፊያ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። መጽሀፉን ጣቷን ገጹ ውስጥ አስገብታ ይዛዋለች። ከኋላዋ አራት ተማሪዎች አሉ።

«ቲቸር፣ እናቷ ናት አይደል?»

«የማን እናት?»

«የመሊላ። አውሬው እናቷ ናት አይደል? ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ አገኘናት።»

መክሊት መጽሀፉን ተቀበለች። ሰማንያ ሰባተኛው ገጽ ላይ መሊላ ከጉድጓዱ አምልጣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እናቷ ጸጉሯን እየዳሰሰች «ነይ ልጄ፣ ትንሽ ዕረፊ» ትላታለች። በአይኑ ዕ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። የእናትየው መስመር ከአውሬው መስመር ስር ነበር፤ ስትቀልም ቢጫው አንድ መስመር አልፎ እሱንም ይዞባታል። የገጽ አቀናባሪው እንደተባለው ቢጫውን አልነካም። የራሷ ስህተት ነበር። በሰው የምታላክክበት ምንም መንገድ አልነበራትም።

«የህትመት ስህተት ነው» አለቻቸው።

አራቱም ተያዩ። ሪሐና በትህትና ፈገግ አለች፤ ትልቅ ሰው አውቆ ሲዋሽ ልጆች የሚያሳዩት አይነት ፈገግታ።

«እሺ፣ ቲቸር። ለማንም አንናገርም።»

«ሪሐና፣ ስህተት ነው እያልኩሽ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ገብቶናል» አለች ልጅቷ። ከዚያ ሄዱ፤ ኮሪደሩ ላይ እየተንሾካሾኩ።

አልተናገሩም ማለት አይቻልም። በወሩ ሽመክት ደወሉ። አንድ የንባብ ቡድን በቴሌግራም ስለ ገጽ ሰማንያ ሰባት ሶስት ቀን ሙሉ ሲከራከር ከርሟል። ከሀዋሳ አንዲት አንባቢ ስድስት ገጽ ጽፋ ልካላቸዋለች። ሁለተኛ እትም ሊያወጡ ነው።

«ሆን ብለሽ ነው?» አሏት።

«አይደለም።»

«እንዲያው ለእኔ እንኳ?»

«ጋሽ ሽመክት፣ ቢጫው ነው። እጄ ሳተ።»

«እንግዲያው ለሁለተኛው እትም እናርማት ወይስ እንተዋት? አስቢበት።»

ቅዳሜ ጠዋት እርሳስ ይዛ ተቀመጠችና የእናትየውን ንግግሮች ብቻ እየፈለገች አነበበች። ተማሪዎቿን ልታሳምናቸው ነበር፤ እናትየው አውሬ ልትሆን እንደማትችል ከራሱ ከመጽሀፉ ማስረጃ ልታወጣ። ገጽ በገጽ እየሄደች ፊቷ ጠቆረ። እናትየው ልጇን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ ሁልጊዜ «ነይ» ነው የምትላት። የምትናገረው ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። አባትየው አንድም ቦታ አልመለሰላትም። አንዱንም ስትጽፍ አላሰበችበትም። ተማሪዎቿን የሚያሸንፍ አንድ ቦታ ብቻ አገኘች፤ ገጽ 142 ላይ፣ አውሬው ከጉድጓዱ እየተጣራ ባለበት ሰአት እናትየው ገበያ ላይ ከጎረቤት ጋር ስለ ጨው ዋጋ ታወራለች። ያ ግማሽ ገጽ ባይኖር ልጆቹ ያሉት በሙሉ ይሆናል።

እርሳሱን ወረወረችው። ከአመት በላይ ከአርታኢ፣ ከኮምፒውተርና ከኔትወርክ ጋር ተጣልታ የጻፈችው መጽሀፍ፣ ሳያማክራት ሌላ መጽሀፍ ሆኖ ተቀምጧል። ይባስ ብሎ የተሻለው ያኛው ነው።

ከሰአት ቢሻሮ ቤት ሄደች። ቢሻሮ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ቀድታ አስቀመጠችላት፣ ሙሉውን ሰማች፣ አልሳቀችም።

«ታዲያ አርሚያ» አለቻት።

«የቱን ገጽ?»

«እሱን እኔ ልነግርሽ ነው?»

ሰኞ በእረፍት ሰአት ደወለች።

«ጋሽ ሽመክት፣ ለሁለተኛው እትም አንድ ማስተካከያ አለኝ።»

«ገጽ ሰማንያ ሰባት ናት? ጥሩ፣ አንዲት ፊደል ናት። አሁኑኑ አስደርጋታለሁ።»

«ሰማንያ ሰባትን አይንኩብኝ። መቶ አርባ ሁለት ላይ ነው። የገበያው ቦታ ይወጣል።»

ገጽ ሲገለጥ ሰማች።

«መክሊት።»

«አቤት።»

«አንድ አመት ከምናምን አንድ ፊደል አትንኩብኝ ስትይን ነበር።»

«ነበር።»

«አሁን ገጽ ልታወጪ ነው።»

«ግማሽ ገጽ ነው።»

ሽመክት ተነፈሱ። «እስከ ሀሙስ ላኪልኝ» አሉ። «በጽሁፍ ይሁን፣ በፎቶ አይደለም። ምንም ነገር ደግሞ እንዳትቀልሚበት።»

ደወሉ ተደውሎ አስረኛ ለ ገባች። ሀሙስ ኔትወርክ ስላልነበረ አርብ ላከችው።